የእግር ዝሆኔ፤ መነሻው፣ ሕክምናውና የጉባኤው ድርሻ



ለዚህ ጊዜ ትምህርታችን የመረጥነው ርእስ በደጋው አገር ባሉ በብዙ ጉባኤዎች ደጃፍ ያለ፣ ነገር ግን በጉባኤ መካከል ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነው። ይኸውም የእግር ዝሆኔ የሚባለው በሽታ ነው። በሽታው በእግር ቆዳና ከቆዳው በታች ባሉት ቀጫጭን መተላለፊያዎች ላይ ለዓመታት የሚቆይ መቆጣት እያስከተለ እግርን ያሳብጣል፤ ቆዳን ያደነድናል፤ እየቆሰለም ሽታ ያለው ፈሳሽ ያመጣል። ቶሎ የሚገድል ስላልሆነ ለረጅም ጊዜ ችላ ተብሎ ኖሮአል። ሆኖም ሰውን ከእርሻው፣ ከገበያው፣ ከትዳሩና ከጸሎት ቤቱ የሚለይ በሽታ ነው።

በዚህ ትምህርት ውስጥ ከሁሉ በፊት በልባችሁ እንዲቀር የምንወደው ነገር ይህ ነው። የበሽታው ምክንያት የታወቀ ነው፤ አስቀድሞ ሊከለከል ይችላል፤ የያዘው ሰውም በውኃ፣ በሳሙና፣ በቅባትና በጫማ ሊረዳ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚጐድለው ውድ መድኃኒት አይደለም። የሚጐድለው በየቀኑ ሳይታክቱ እግርን መንከባከብና፣ ይህን ለሚያደርገው ሰው አጠገቡ የሚቆም ወገን ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. በሽታው እንዴት ይጀምራል?

የእግር ዝሆኔ በአንድ ሌሊት የሚመጣ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ሰው ገና ጐረምሳ ወይም ኮረዳ ሳለ ነው። በመጀመሪያ በጣቶቹ አካባቢና በእግሩ መዳፍ ላይ ማሳከክ ይሰማዋል። ማታ ማታ እግሩን ያቃጥለዋል። ቀን ሲሠራ ውሎ የእግሩ ጫፍ ያብጣል፤ ተኝቶ ሲነሣ ግን እብጠቱ ጐድሎ ያገኘዋል። ስለዚህ ነገሩን የድካም አድርጎ ይቈጥረዋል።

ጊዜው እየራቀ ሲሄድ እብጠቱ በሌሊት ዕረፍት መጉደሉን ይተዋል። ጣቶቹ ይደነድናሉ፤ ቆዳው ይወፍራል፤ በላዩም እንደ ኪንታሮት ያሉ ጥቃቅን እብጠቶች ይወጡበታል። የአንዳንዱ ሰው እግር ውኃ እንደ ያዘ ስልቻ የለሰለሰ ይሆናል፤ የሌላው ደግሞ እንደ እንጨት ይጠነክራል። በሽታው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እግሮች ይይዛል፤ ይሁን እንጂ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ሊያብጥ ይችላል። ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ሲሆን ከጉልበት በላይ የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሕመምተኛውን የሚያሠቃየው ግርሻው ነው። በተሰነጠቀው ቆዳ በኩል ጀርም ሲገባ እግሩ በድንገት ይግላል፤ ያብጣል፤ በብሽሽቱ ንፍፊት ይወጣል፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይከተላል። ሰውየው ለቀናት ከመኝታው አይነሣም። እያንዳንዱም ግርሻ እግሩን ከቀድሞው የባሰ አድርጎት ይሄዳል። በወላይታ በተደረገ ጥናት አንድ ሕመምተኛ በዚህ በሽታ ምክንያት ከሥራ ቀኖቹ 45 ከመቶውን እንደሚያጣ ተገምቶአል። ለአንድ ገበሬ ቤተ ሰብ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

2. ምክንያቱ ምንድን ነው?

በ1970ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረ ኧርነስት ፕራይስ የተባለ ብሪታንያዊ ሐኪም ይህን በሽታ በጥንቃቄ መረመረ። በሽታው የሚገኝባቸውን ስፍራዎች ከአፈሩ ዓይነት ጋር ሲያስተያይ፣ ሕመምተኞቹ የሚበዙት ከጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ባለበት ደጋ አገር መሆኑን ተገነዘበ። እነዚህ ስፍራዎች ብዙውን ጊዜ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታና በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ያላቸው ናቸው። ለበሽታውም «ፖዶኮኒዮሲስ» የሚል ስም ሰጠው። ስሙ እግርና ትቢያ ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። በዚህ አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች አሉ። ሰው በባዶ እግሩ ለዓመታት ሲሄድና ሲያርስ ቅንጣቶቹ በእግሩ ቆዳ በኩል ወደ ውስጥ ይገባሉ። በሰውነታችን ውስጥ ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ አለ፤ ይህም ፈሳሽ ከሥጋችን ውስጥ ትርፉን ውኃ እየሰበሰበ በቀጫጭን መተላለፊያዎች ወደ ደም የሚመልስ ነው። የገቡት ቅንጣቶች እነዚህን መተላለፊያዎች ያስቆጣሉ፤ መቆጣቱም ሲደጋገም መተላለፊያዎቹ እየጠበቡ ይደፈናሉ። ቦይ በደለል ሲደፈን ውኃው ወደ ማሳው እንደሚተኛ ሁሉ፣ መውጫ ያጣው ፈሳሽም በእግር ውስጥ ይተኛል። እብጠቱ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሣል። በአንድ መንደር ሁሉም በባዶ እግር ሲሄዱ ስለምን አንዳንዱ ብቻ ይታመማል? ፕራይስ በሕመምተኞች ብቻ ሳይሆን በጤነኞችም የብሽሽት ዕጢ ውስጥ የአፈሩን ቅንጣቶች አግኝቶ ነበር። እንግዲህ አፈሩ ብቻውን ሁሉን አያስረዳም ማለት ነው። በኋላ የተደረጉት ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የሰውነታቸው መከላከያ ኃይል በውርስ ለአፈሩ በብርቱ የሚቆጣ ሰዎች አሉ። ወንድም ወይም እህት በዚህ በሽታ የተያዘበት ሰው ከሌላው ሰው ይልቅ አምስት እጥፍ ያህል ለመያዝ የቀረበ መሆኑ በ2007 ተገልጦአል። በወላይታ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2012 የታተመ ጥናትም በሽታው የሰውነትን መከላከያ ከሚቆጣጠረው የዘር ክፍል ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቶአል።

ይህን በጥንቃቄ ተረዱት። የሚወረሰው በሽታው ራሱ አይደለም፤ ለበሽታው መጋለጥ ነው እንጂ። ከሕመምተኛ የተወለደ ልጅ እግሩ ከአፈሩ ከተጠበቀ አይታመምም። ይህ ለወላጆች ታላቅ የምሥራች ነው፤ ልጅን ወይም እህትን በዘር ምክንያት ለትዳር አንፈልግም የሚሉትንም አፍ የሚያስይዝ ነው።

3. ምክንያቱ ያልሆነው

በየአገሩ ለዚህ በሽታ ልዩ ልዩ ምክንያት ይሰጣል። የሞተ እንስሳ ወይም እባብ ስለ ረገጠ ነው የሚል አለ፤ መቅሰፍት ነው፣ እርግማን ነው የሚል አለ። አንዳንዱ ደግሞ ይተላለፋል ብሎ ከሕመምተኛው ጋር አብሮ አይቀመጥም፤ በዕቃውም አይጠጣም።

የእግር ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በመንካት፣ አብሮ በመብላት፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር በመቀመጥ፣ አብሮ በመተኛትም አይተላለፍም። የሕመምተኛውን እግር የምታጥብ ሚስት ከእርሱ በሽታ አይይዛትም።

ስለ መቅሰፍት ለሚነሣው ነገር ደግሞ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 የተጻፈውን አንብቡ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ ጠየቁ። ጌታ ግን የሰውየውንም የወላጆቹንም ኃጢአት ለበሽታው ምክንያት አላደረገም፤ ወደ ሥራው ሄደ እንጂ። በጉባኤያችን የሕመምተኛውን ኃጢአት የሚመረምር ካለ፣ የተሳሳተውን ጥያቄ እየጠየቀ ነው።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ደግሞ ያበጠ እግር ሁሉ የእግር ዝሆኔ አለመሆኑን ማወቅ ይገባቸዋል። በሥጋ ደዌ የተያዘ እግር ይደነዝዛል፤ በሰውነትም ላይ ስሜት የሌለው ለምጽ መሰል ምልክት ይገኛል። የእግር ዝሆኔ ያለበት ሰው ግን እግሩ ሲነካ ይሰማዋል። በቆላ አገር በወባ ትንኝና በሌሎች ትንኞች የሚተላለፍ ፊላሪያ የሚባል ትል የሚያመጣው እብጠትም አለ፤ እርሱ ብዙ ጊዜ አንድ እግር ይዞ ከላይ ይጀምራል፤ በወንዶችም የዘር ፍሬ ከረጢትን ያሳብጣል። እብጠቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የመጣ፣ ፊትንም የሚያሳብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥር ከሆነ ምናልባት የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ስለሚሆን ሰውየውን ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ላኩት።

4. ሕክምናው

በመጀመሪያ እውነቱን መናገር ይገባል። አንድ ጊዜ የደነደነ እግርን ፈጽሞ ወደ ቀድሞው የሚመልስ ክኒን ወይም መርፌ የለም። ለፊላሪያ ትል የሚሰጠው መድኃኒትም ለዚህ በሽታ አይጠቅምም፤ በዚህ እግር ውስጥ ትል የለምና። ነገር ግን በሽታው ገና ሲጀምር ከተያዘ እብጠቱ ሊመለስ ይችላል። በቆየው ሰው ላይም ቢሆን እብጠቱ ይቀንሳል፤ ሽታው ይጠፋል፤ ግርሻውም ይቀንሳል።

በየቀኑ የሚደረገው እንክብካቤ እንዲህ ነው።

ሀ. እግርን በንጹሕ ውኃና በተራ ሳሙና ማጠብ። በጣቶች መካከልና በቆዳው እጥፋት ውስጥ ያለው እድፍ ሁሉ በቀስታ ይጽዳ። በድንጋይ ወይም በሸካራ ነገር መፈተግ ግን ቆዳውን ያቆስላል።

ለ. በሳፋ ውኃ ቀድቶ ጥቂት በረኪና በመጨመር እግርን ሩብ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ። የበረኪናውን ልክ የጤና ሠራተኛው በሚያሳየው መስፈሪያ ብቻ መለካት ይገባል፤ ሲበዛ ቆዳን ያቃጥላልና።

ሐ. በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ። በተለይ የጣቶቹ መካከል ፈጽሞ መድረቅ አለበት፤ እርጥበት ባለበት ፈንገስ ይበቅላል፤ ፈንገስም የጀርም መግቢያ በር ይከፍታል። ፈንገስ ካለ ጤና ጣቢያው ዊትፊልድ የሚባለውን ቅባት ይሰጣል።

መ. የቀረውን ቆዳ ቫዝሊን መቀባት። የእነዚህ ሰዎች ቆዳ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃልም። የለሰለሰ ቆዳ እንደ ደህና አጥር ነው፤ ጀርሙም አፈሩም አያልፈውም። በደቡብ ኢትዮጵያ ተደርጎ በ2017 የታተመ ጥናት በመዘፍዘፊያው ውኃ ላይ ጥቂት ግሊሰሪን መጨመር የቆዳውን ጥንካሬ እንደሚያሻሽልና በትንሽ ውኃ ለመሥራት እንደሚያስችል አሳይቶአል። ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሠ. ንጹሕ ካልሲና እግርን የሚሸፍን ጫማ ማድረግ።

ረ. ሲቀመጡ እግርን በበርጩማ ላይ ማሳረፍ፤ ሲተኙም በግርጌ በኩል ከፍ ማድረግ። ጣቶችንና ቁርጭምጭሚትን ደጋግሞ ማንቀሳቀስም ፈሳሹ ወደ ላይ እንዲወጣ ይረዳል።

እብጠቱ ለስላሳ ለሆነ ሰው የሠለጠነ ሠራተኛ ከጣት ጀምሮ እስከ ጉልበት በፋሻ ያስረዋል። አሠራሩን ሳይማሩ ማሰር ግን ደም ስለሚያግድ አደገኛ ነው። ጫማ እንዳይገባ የሚከለክል ጉብታ ያለበትን ሰው ሐኪም ጉብታውን ብቻ በቀላል ቀዶ ሕክምና ሊያነሣለት ይችላል። መላውን እግር መቅደድ ግን አይመከርም፤ ጫማ ካልተደረገ እብጠቱ ይመለሳል፤ ጠባሳውም ያሠቃያል። እግርን በጋለ ብረት መተኰስ፣ በምላጭ መብጣትና ያልታወቀ ቅጠል በቁስል ላይ ማሰር ለግርሻ በር የሚከፍቱ ናቸውና አስጠንቅቁ።

ግርሻ ሲነሣ ሕመምተኛው ይረፍ፤ እግሩን ከፍ ያድርግ፤ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ይደረግለት፤ ብዙ ይጠጣ፤ ለትኩሳቱና ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይውሰድ። ፋሻ ታስሮ ከነበረ ይፈታ። ትኩሳቱ ከበረታ ወይም በአንድ ቀን ካልተሻለው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ጀርሙን የሚገድል መድኃኒት ያስፈልገዋል።

ይህ ሁሉ በእውነት ይጠቅማልን? በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕመምተኞች የተካፈሉበት ጥናት ተደርጎ ውጤቱ በ2018 ታትሞአል። ግማሾቹ ይህን እንክብካቤ ወዲያው ጀመሩ፤ ሌሎቹ ከ12 ወር በኋላ እንዲጀምሩ ተደረገ። በዚያው ዓመት ያልጀመሩት በአማካይ 23.9 ጊዜ ሲያገረሽባቸው፣ የጀመሩትን ያገረሸባቸው 19.4 ጊዜ ነበር። ልዩነቱ ተአምር አይደለም። ነገር ግን በዓመት አራት ወይም አምስት ጊዜ ከመኝታ መዳን፣ ያውም በሳሙናና በቅባት፣ ለድኃ ሰው ብዙ ነው። ቊጥሩ ሌላም ነገር ያስተምረናል። ለሕመምተኛው «ትፈወሳለህ» ብለን በችኮላ ተስፋ ብንሰጠው፣ በሚቀጥለው ግርሻ ተስፋ ቈርጦ መታጠቡን ይተዋል። እውነቱን ነግረነው ከጎኑ ብንቆም ግን ይጸናል።

5. ጫማ ስለ መስጠት

የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ብዙዎቻችሁ ለጫማ የሚሆን ገንዘብ ትልካላችሁ። ስጦታው መልካም ነው። በሰሜን አፍሪካ አገሮችም በሽታው ቀድሞ ይገኝ ነበር፤ ሕዝቡ ሁሉ ጫማ ማድረግ ሲጀምር ግን ጠፍቶአል። እኛም ጋ ሊጠፋ ይችላል።

ይሁን እንጂ ጫማው እግር ላይ የሚውለው መቼ ነው? በብዙ መንደር ጫማ የክብር ልብስ ነው። እሑድ ለጸሎት ቤት ይደረጋል፤ ለገበያና ለለቅሶ ይደረጋል፤ ሰኞ ወደ እርሻ ሲወረድ ግን እንዳይበላሽ ተብሎ ይሰቀላል። አፈሩ ያለው በእርሻው ነው። ስለዚህ በጭቃ ውስጥ የሚሠራበት ርካሽና ጠንካራ ጫማ ከሚያምረው ጫማ ይበልጣል። ቤቱም ወለሉ አፈር ከሆነ ልጆች በቤት ውስጥም እግራቸው መሸፈን አለበት።

ደግሞ ያበጠ እግር በተራ ጫማ ውስጥ አይገባም። ሕመምተኛው በልኩ የሚሰፋ ሰፊ ጫማ ያስፈልገዋል። ጠባብ ጫማ ሰጥተን ስሙን ብንመዘግብ መዝገባችን ይሞላል፤ የእርሱ እግር ግን ይቆስላል።

6. የጉባኤው ድርሻ

በመላው አገራችን በተደረገው ጥናት በዚህ በሽታ የተያዙት አዋቂዎች ወደ 1.5 ሚልዮን እንደሚደርሱ፣ በበሽታው አካባቢ የሚኖረውም ሕዝብ ወደ 35 ሚልዮን እንደሚሆን ተገምቶአል። መንግሥት በ2013 ባወጣው ችላ የተባሉ በሽታዎች ዕቅድ ውስጥ የእግር ዝሆኔን አስገብቶአል። ነገር ግን ጤና ጣቢያ በየቀኑ በየቤቱ ገብቶ እግር አያጥብም። ጉባኤ ግን በየመንደሩ አለ።

በወላይታ ሐኪሙ ናታን ባርሎው በ1998 የጀመሩት አገልግሎት ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። በዚያ ራሳቸው ሕመምተኞች የነበሩ ሰዎች ሠልጥነው ሌሎችን እግር መታጠብ ያስተምራሉ። ያበጠ እግሩን ታጥቦ የተሻለው ሰው ሲናገር ከማንም ይልቅ ይሰማል።

ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበው በምሳሌነት ብቻ እንዲነበብ አይደለም። ሽማግሌዎችና ዲያቆናት ሆይ፣ በጉባኤያችሁ በስተኋላ ወይም ከደጅ የሚቀመጥ፣ የጌታን እራት ከሰው በኋላ የሚቀበል፣ ሽታው እንዳይሰማ ብሎ ቀስ በቀስ የቀረ ሰው መኖሩን መርምሩ። ወደ ቤቱ ሂዱ። እጃችሁን ዘርጉለት። ሳፋና ሳሙናውን ይዛችሁ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አብራችሁት እጠቡ። ስለ እርሱ መጸለይ ይገባል፤ ጸሎቱ ግን መታጠቡን አያስቀርም፤ መታጠቡም ጸሎቱን አያስቀርም። የሴቶች ማኅበር ለደካማው ሰው ውኃ ቢቀዳለት፣ ወጣቶች በግርሻው ቀን እርሻውን ቢያርሙለት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች የልጆችን እግር ቢመለከቱ ገንዘብ አይጠይቅም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በእኛ መንደር የእግር ዝሆኔ በምን ምክንያት ይመጣል ይባላል? ከዚህ ትምህርት በኋላ ለሚጠይቃችሁ ጎረቤት ምን ትመልሱለታላችሁ?

2. በዚህ በሽታ ምክንያት ከጉባኤያችን የቀረ ሰው ማን አለ? በዚህ ሳምንት ማን ይጐበኘዋል?

3. ልጆቻችን በሥራ ቀን እግራቸው ላይ ምን አለ? በእርሻና በቤት ውስጥስ?

4. ወንድ ልጃችሁ የእግር ዝሆኔ ካለበት ቤት ልጅ ላግባ ቢል ምን ትሉታላችሁ? ለምን?

የጸሎት ርእሶች

ኀፍረት ከቤት እንዳይወጡ ላደረጋቸው ወገኖች ጸልዩ። በየቀኑ በትዕግሥት እግራቸውን ለሚታጠቡ፣ ውኃም ለሚቀዱላቸው ጸልዩ። በጤና ጣቢያና በመስክ ለሚያገለግሉ፣ ሕመምተኛውን ሳይጸየፉ እንዲነኩ ጸልዩ። የሚመጣው ትውልድም ይህን በሽታ በስም ብቻ እንዲያውቀው ጸልዩ፤ ለዚያም ዛሬ በቤታችሁ ያለውን የሕፃን እግር ሸፍኑ።